አሥራ አምስተኛው ቁጥር

በኤፕሪል 1919 ከኬኒግስበርግ የተላከ አንድ ጽሑፍ በርሊን፣ አልበርት አንስታይን እጅ ገባ። (እዚህ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ጸሐፊው ቴዎዶር ካሉዛ የሠላሳ ሦስት ዓመት የሒሳብ ሰው ነበር። በባልቲክ ባሕር አቅራቢያ ባለችው በዚያች ከተማ ዩኒቨርሲቲ ያስተምራል፤ ፕሮፌሰር ግን አልነበረም፤ ማዕረጉ ዝቅተኛ፣ ገቢውም ትንሽ ነው። በመጽሐፍ አብዝቶ የሚያምን ሰው ነበር። ዋና የተማረው እንኳ ስለ ዋና የተጻፈ መጽሐፍ አንብቦ ሲጨርስ በቀጥታ ውኃ ውስጥ በመግባት እንደሆነ ይነገርለታል።

አንስታይን በ1915 ስበት ማለት የቦታና የጊዜ መጉበጥ እንደሆነ አሳይቶ ነበር። የሠራውም በአራት አውታሮች ነው፤ ርዝመት፣ ወርድ፣ ከፍታና ጊዜ። ካሉዛ እነዚያኑ ቀመሮች ወስዶ ለአምስት አውታሮች ጻፋቸው። ሲዘረዝራቸው ለሁለት ተከፈሉ። አንደኛው ወገን የአንስታይን የስበት ሕግ ሆኖ ወጣ። ሌላኛው ጀምስ ክለርክ ማክስዌል በ19ኛው ክፍለ ዘመን ለኤሌክትሪክና ለማግኔት የጻፈው ሕግ ነበር። ካሉዛ ኤሌክትሪክን በቀመሩ ውስጥ አላስገባም፤ የኤሌክትሪክና የማግኔት ሞገድ የሆነው ብርሃን ሳይጠራ መጣ። ልጁ ከብዙ ዓመታት በኋላ እንዳስታወሰው፣ አባቱ ወረቀቱ ላይ እንዳቀረቀረ ለጥቂት ሰኮንድ ደርቆ ቀረ፤ ከዚያ በኃይል አፏጨ፣ ጠረጴዛውን መታ፣ ተነሥቶም የኦፔራ ዜማ ማንጎራጎር ጀመረ።

ሒሳቡ እንዲህ ነው። የአራት አውታሮችን ጂኦሜትሪ ለመግለጽ በያንዳንዱ ነጥብ ላይ 10 ቁጥሮች ያስፈልጋሉ። አውታሮቹ አምስት ሲሆኑ ቁጥሮቹ 15 ይሆናሉ። ከ15ቱ አሥሩን ስበት ወሰደ። አራቱን ኤሌክትሪክና ማግኔት ወሰዱ። አንዱ ተረፈ።

ይህ አሥራ አምስተኛ ቁጥር ባለቤት አልነበረውም። የሚታወቅ ኃይል አይወክልም፤ የሚታወቅ ቅንጣትም አይገልጽም። ከካሉዛ በኋላ የመጡት አብዛኞቹ የማይለዋወጥ ቋሚ ነው ብለው አለፉት። አንስታይን ግን ችግሩን ቀድሞ አየ። በመጀመሪያ ሐሳቡን እጅግ እንደወደደው ለካሉዛ ጻፈለት፤ ሳምንታት ሳይቆዩ ደግሞ ጥርጣሬ ገባው። ኤሌክትሮን የሚሸከመው የኤሌክትሪክ ሙል ከመጠነ ቁሱ ጋር ሲነጻጸር እጅግ ብዙ በመሆኑ፣ በአምስት አውታር ሒሳብ ውስጥ ያ ትርፍ ቁጥር የኤሌክትሮኑን ጉዞ በእጅጉ ያዛባዋል። ጽሑፉ ከሁለት ዓመት በላይ ተቀምጦ ቆየ። በኦክቶበር 1921 አንስታይን ሐሳቡን ለውጦ ለካሉዛ ጻፈ፤ በዲሴምበር ጽሑፉ በፕሩሲያ የሳይንስ አካዳሚ መድረክ ቀረበ። ካሉዛም የኤሌክትሮኑን ችግር ሳይሸሽግ እዚያው ጻፈው። እንግዲህ የመጠነ ቁስ ጥያቄ ከዚህ ሐሳብ ጋር አብሮ የተወለደ ነው።

መጠነ ቁስ ሲባል በሚዛን የሚነበበው ክብደት ብቻ አይደለም። አንድን የቆመ ነገር ለማንቀሳቀስ፣ የሚንቀሳቀሰውንም ለማቆም ምን ያህል እንደሚያስቸግር የሚለካ ነው። በምድር ላይም ሆነ ስበት በሌለበት ጠፈር፣ የድንጋይ መጠነ ቁስ ያው ነው።

አምስተኛው አውታር ካለ ለምን አይታይም? ካሉዛ ለዚህ በቂ መልስ አልነበረውም። መልሱን በ1926 የሰጠው ኦስካር ክላይን የተባለ ስዊድናዊ ነው። ክላይን በአሜሪካ ሚሺጋን ዩኒቨርሲቲ ሲያስተምር ቆይቶ ወደ ኮፐንሃገን የተመለሰ ሰው ሲሆን፣ ስለ አምስት አውታሮች የደረሰበትን ሁሉ ያገኘው ካሉዛን ሳያነብ ነበር። ጽሑፉን ለፊዚክስ ሊቁ ለቮልፍጋንግ ፓውሊ ቢያሳየው፣ ፓውሊ ጥቂት ገጾች አንብቦ ይህን ሐሳብ ካሉዛ የሚባል ሰው ቀድሞ እንዳሳተመው ነገረው። ፓውሊ የሰው ስሕተት ፈጥኖ በማየትና ሳያለሳልስ በመናገር የታወቀ ነው። በዚህ ታሪክ ውስጥ ደጋግሞ ብቅ ይላል።

ክላይን ያመጣው አዲስ ነገር አምስተኛው አውታር በራሱ ላይ የተጠቀለለ ትንሽ ክብ ነው የሚለው ነበር። ከሩቅ የሚታይ ገመድ ቀጭን መስመር ይመስላል። በገመዱ ላይ ያለች ጉንዳን ግን ወደፊትና ወደኋላ ብቻ ሳይሆን በዙሪያውም መዞር ትችላለች። ክላይን የኤሌክትሮን ሙል በዚያ ክብ ዙሪያ የሚደረግ እንቅስቃሴ ነው አለ። የኳንተም ሕግ በክብ ላይ የሚዞር ሞገድ ሙሉ ቁጥር ያለው ዙር እንዲኖረው ስለሚያስገድድ፣ የኤሌክትሪክ ሙል በተፈጥሮ ሁልጊዜ በአንድ ትንሽ መጠን ብዜት ብቻ የሚገኝበት ምክንያት ተገለጠለት። ከሚታወቀው የኤሌክትሮን ሙል ተነሥቶ የክቡን ስፋት አሰላ። የሴንቲሜትር ቢሊዮንኛ ተወስዶ፣ የዚያም ቢሊዮንኛ፣ የዚያም ቢሊዮንኛ ተወስዶ፣ ከዚያ አሁንም አንድ ሺህ ጊዜ ያነሰ።

ውበቱ ይህ ነው፤ ጣጣውም እዚሁ ነው። በድብቁ ክብ የሚዞር ቅንጣት ለእኛ የቆመ ይመስለናል። እንቅስቃሴው ግን ጉልበት አለው፤ አንስታይን በ1905 እንዳሳየው ደግሞ ቆሞ የሚታይ ነገር የያዘው ጉልበት መጠነ ቁስ ነው። ስለዚህ መጠነ ቁስ የማናየው ሩጫ ሊሆን ይችላል ማለት ነው። በፊዚክስ ውስጥ ከዚህ የበለጠ ልብ የሚሰርቅ ሐሳብ ማግኘት ያስቸግራል። ነገር ግን ክቡ በጠበበ ቁጥር መጠነ ቁሱ ይጨምራል። የክላይን ክብ ከጥበቱ የተነሣ በእርሱ ላይ የሚዞር ቅንጣት ከእውነተኛው ኤሌክትሮን ከቢሊዮን ቢሊዮን ጊዜ በላይ ይከብዳል። የኤሌክትሮንን ሙል የሚያስረዳው ሐሳብ የኤሌክትሮንን መጠነ ቁስ ፈጽሞ ሳተው።

በእነዚያው ዓመታት ሌላ መንገድ እየተቀየሰ ነበር። ጀርመናዊው የሒሳብ ሊቅ ሄርማን ቫይል በ1918 ያቀረበው ሐሳብ ኋላ ጌጅ ቲዎሪ የሚል ስም ወጣለት። ጌጅ መስፈሪያ ማለት ነው። ሸማ በክንድ የሚለካበትን ገበያ ማሰብ ይበቃል። የአንዱ ነጋዴ ክንድ ረጅም፣ የሌላው አጭር ነው። ከገበያ ገበያ መስፈሪያው ቢለያይም ንግዱ ሳይዛነፍ እንዲቀጥል፣ የዚህ ክንድ በዚያ ስንት እንደሚሆን እየመዘገበ የሚዞር አቻቻይ ያስፈልጋል። ቫይል ያ አቻቻይ የኤሌክትሮማግኔት መስክ ነው አለ። የመጀመሪያው አቀራረቡ እውነተኛ ርዝመትን የሚመለከት ስለነበር አንስታይን ተቃወመው፤ የአተሞች ባሕርይ ካለፉበት መንገድ ጋር ይለዋወጥ ነበር ሲል። በ1929 ቫይል መስፈሪያውን ከርዝመት ወደ ኤሌክትሮን የኳንተም ሞገድ አዛወረው። በየነጥቡ የሞገዱ መነሻ እንደፈለግን ይመረጥ፤ ልዩነቱን የሚያቻችለው መስክ ብርሃን ነው። ይህ እስከ ዛሬ ጸንቷል።

አቻቻዩ ግን አንድ ግዴታ አለበት። የራሱ መጠነ ቁስ ሊኖረው አይችልም። ቢኖረው ኖሮ የትኛው መስፈሪያ እንደተመረጠ ያሳብቅ ነበር፤ የመስፈሪያው ነጻነትም ይፈርሳል። የብርሃን ቅንጣት መጠነ ቁስ ስለሌላት ለብርሃን ችግር የለም። ለሌሎቹ ኃይሎች ግን ይህ ግዴታ የሞት ፍርድ መሰለ።

በ1953 ክረምት ፓውሊ ዙሪክ ተቀምጦ የካሉዛን መንገድ ወደ ስድስት አውታሮች አሰፋው። በእያንዳንዱ ነጥብ ላይ ትንሽ ክብ ሳይሆን ትንሽ ሉል አስቀመጠ። ክብ የሚዞረው በአንድ መንገድ ነው፤ ሉል በሦስት። ከሉሉ ዙረት የአተም አስኳልን የሚያያይዘውን ኃይል ለማግኘት ተስፋ አድርጎ ነበር። ሒሳቡ ሠመረለት፤ ለወዳጁ ለአብርሃም ፓይስም በደብዳቤ ላከለት። ግን ከዚያ ሒሳብ የሚወጡት ኃይል ተሸካሚ ቅንጣቶች እንደ ብርሃን መጠነ ቁስ አልባ ሆኑበት። መጠነ ቁስ የሌለው ተሸካሚ ያለው ኃይል እንደ ብርሃን እሩቅ ይደርሳል። የአስኳል ኃይል ግን ከአስኳሉ ስፋት አያልፍም። ፓውሊ ወረቀቱን አጥፎ አስቀመጠው። ሳያሳትመው ቀረ።

ወራት ቆይቶ፣ በፌብሩዋሪ 1954፣ ፕሪንስተን ባለው የከፍተኛ ጥናት ተቋም አንድ ወጣት ቻይናዊ ጠመኔ ይዞ ሰሌዳ ፊት ቆመ። ቼን ኒንግ ያንግ ይባላል። በሎንግ አይላንድ የብሩክሄቨን ቤተ ሙከራ ቢሮ ከሚጋራው ከሮበርት ሚልስ ጋር ሆኖ የቫይልን የመስፈሪያ ሐሳብ ለአስኳል ኃይል አስፋፍቷል። ፓውሊ የሠራውን ማለት ነው፤ ያለ ትርፍ አውታሮች። ያንግ ገና ቀመሩን መጻፍ ሲጀምር ከወንበሮቹ መካከል የፓውሊ ድምፅ ተሰማ። የዚህ መስክ መጠነ ቁስ ስንት ነው? ያንግ እንደማያውቅ ተናገረ። ጥቂት እንደቀጠለ ፓውሊ ያንኑ ጠየቀ። ያንግ ነገሩ ውስብስብ እንደሆነ፣ ቢመረምሩትም ከውሳኔ እንዳልደረሱ አስረዳ። ፓውሊ ይህ በቂ ምክንያት አይደለም አለ። ያንግ ሄዶ ከፊት ወንበር ተቀመጠ። አዳራሹ ጭንቅ ሆነ። የተቋሙ ኃላፊ ሮበርት ኦፐንሃይመር እንዲቀጥል ባይጠይቅ ኖሮ ያ ንግግር በዚያው ያበቃ ነበር። በማግስቱ ፓውሊ ከንግግሩ በኋላ ለመወያየት እንዳልተመቸው የሚገልጽ አጭር ማስታወሻ ተወለት።

ፓውሊ ጨካኝ ነበር የሚሉ አሉ። ያን ጥያቄ ግን ከማንም በፊት ራሱን ጠይቆ፣ ከማንም በፊት የራሱን ሥራ በእርሱ ቀብሮ ነበር። ያንግና ሚልስ ግን አሳተሙት፤ በኦክቶበር 1954። ለመልስ አልባው ጥያቄ መልስ ሳይኖራቸው ማሳተማቸው ለፊዚክስ ትልቅ ውለታ ሆኖ ቀረ፤ ዛሬ የምናውቃቸው የኳርክ (የፕሮቶን ውስጣዊ ቅንጣት) እና የደካማው ኃይል (አንዳንድ አስኳሎችን የሚያፈርሰው) ሕጎች ሁሉ የቆሙት በዚያ ጽሑፍ ላይ ነውና። ፓውሊ በዲሴምበር 1958 ዙሪክ ውስጥ አረፈ። መልሱን ሳያይ።

መልሱ የመጣው ከማይጠበቅ ሰፈር፣ ከብርድ ቤተ ሙከራ ነው። አንዳንድ ብረቶች እጅግ ሲቀዘቅዙ ኤሌክትሪክ ያለ ምንም እንቅፋት ያሳልፋሉ። በእነዚህ ብረቶች ውስጥ ማግኔት ከገጽ አልፎ አይገባም፤ ብርሃንም በውስጣቸው መጠነ ቁስ ያገኘ ያህል ይሆናል። በቺካጎ የነበረው ዮይቺሮ ናምቡ ከ1960 ጀምሮ፣ ጠፈር ራሱ እንደዚያ ብረት ቢሆንስ ብሎ ጠየቀ። ፊሊፕ አንደርሰን በ1963 ሐሳቡን ወደ ያንግና ሚልስ ቲዎሪ አስጠጋው። በ1964 ደግሞ ሦስት ወገኖች፣ አንዱ ከሌላው ሳይማከር፣ ደረሱበት። ብራስልስ ላይ ሮበርት ብራውትና ፍራንሷ አንግለር፣ ኤዲንበርግ ላይ ፒተር ሂግስ፣ ለንደን ላይ ጄራልድ ጉራልኒክ፣ ሪቻርድ ሄገንና ቶም ኪብል።

ሐሳቡ ሲነገር ቀላል ይመስላል። ጠፈርን ሁሉ የሞላ አንድ መስክ አለ፤ ባዶ በሚባለው ቦታ እንኳ መጠኑ ዜሮ አይደለም። የመስፈሪያው ሕግ አልፈረሰም፤ ግን ተሸካሚዎቹ ቅንጣቶች ከዚህ መስክ ጋር ስለሚያያዙ መጠነ ቁስ ያገኛሉ። ሂግስ ይህን የሚያስረዳ ሁለተኛ ጽሑፉን ጄኔቫ አርታዒ ወዳለው መጽሔት ሲልክ አልተቀበሉትም። ቅር ቢለውም ጥቂት አንቀጽ ጨምሮ አሜሪካ ላከው፤ በዚያ ጭማሪ ውስጥ፣ መስኩ ካለ የራሱ የሆነ አንድ ከባድ ቅንጣት ሊኖር እንደሚገባ ጠቀሰ። ጽሑፉን የገመገመው ናምቡ ነበር። ያቺ የመጨረሻ ሰዓት ጭማሪ የቅንጣቱን ስም ለሂግስ አስገኘችለት።

ከዚህ በኋላ ነገሩ ፈጠነ። በ1967 ስቲቨን ዋይንበርግ፣ ቀጥሎም ፓኪስታናዊው አብዱስ ሳላም፣ ሼልደን ግላሾው በ1961 የጀመረውን ወስደው ደካማውን ኃይልና ኤሌክትሮማግኔትን በዚህ መስክ አዋሐዱ። በ1971 ወጣቱ ሆላንዳዊ ጄራርድ ቶፍት ቲዎሪው ሒሳቡ የማይፈርስ መሆኑን አሳየ። በ1983 ጄኔቫ አጠገብ ባለው ሰርን በተባለው ቤተ ሙከራ ደብልዩና ዚ የተባሉት የደካማው ኃይል ተሸካሚዎች ተገኙ፤ አንደኛው ከፕሮቶን ወደ 86 ጊዜ፣ ሌላኛው ወደ 97 ጊዜ የሚከብዱ። የፓውሊ ጥያቄ በቁጥር ተመለሰ።

አንድ ነገር መለየት ግን ግድ ይላል፤ በዚህ ላይ ብዙ ጋዜጣ ይሳሳታልና። የሂግስ መስክ የሰውን ሰውነት ወይም የድንጋይን መጠነ ቁስ በሙሉ አይሰጥም። የሰውነታችን መጠነ ቁስ ከሞላ ጎደል የፕሮቶንና የኒውትሮን ነው፤ በፕሮቶን ውስጥ ያሉት ኳርኮች ከሂግስ መስክ ያገኙት መጠነ ቁስ ተደምሮ የፕሮቶኑ አንድ በመቶ ገደማ ብቻ ነው። የቀረው ኳርኮቹንና እነርሱን የሚያያይዙትን ግሉዎኖች በዚያ ጠባብ ቦታ የሚያናውጠው ጉልበት ነው። ሂግስ የሚያስፈልገው ለኤሌክትሮን፣ ለኳርክ፣ ለደብልዩና ለዚ ነው። ኤሌክትሮን መጠነ ቁስ ባይኖረው አተም አይቆምም ነበርና ድርሻው ትንሽ አይደለም።

ያም ሆኖ ብዙዎችን አንድ ነገር ከነከናቸው። ኃይሎቹ ሁሉ ከመስፈሪያ ሕግ ይወለዳሉ፤ ቅርጻቸው የግድ ነው። የሂግስ መስክ ግን ከውጭ በእጅ የተጨመረ ነው። ለምን እንዳለ የሚናገር ሕግ የለም። የያንዳንዱ ቅንጣት መጠነ ቁስም ለብቻው የሚጻፍ ቁጥር ነው፤ ቶፕ የተባለው ኳርክ ከኤሌክትሮን ከ300 ሺህ ጊዜ በላይ ለምን እንደሚከብድ ቲዎሪው አይነግረንም።

በ1979 ሁለት የብሪታንያ ሰዎች፣ ዴቪድ ፌርሊና ኒኮላስ ማንተን፣ የካሉዛን ትርፍ ቁራጭ አስታወሱ። ጌጅ መስክ ለእያንዳንዱ አቅጣጫ አንድ አካል አለው። በአራት አውታሮች አራት፣ በስድስት ስድስት። ከስድስቱ አራቱ እኛ በምናያቸው አቅጣጫዎች ያመለክታሉ፤ እነርሱ ደብልዩ፣ ዚና ብርሃን ናቸው። የቀሩት ሁለቱ ወደ ድብቁ ቦታ ያመለክታሉ። ወደዚያ ማየት ለማንችለው ለእኛ አቅጣጫ የሌላቸው ተራ ቁጥሮች ይመስሉናል። አቅጣጫ የሌለው፣ በየነጥቡ ቁጥር ብቻ የሆነ መስክ ደግሞ ሂግስ ነው። ከስበት ሒሳብ የተረፈው የካሉዛ አሥራ አምስተኛ ቁጥር ራሱ አይደለም፤ ይህኛው የተረፈው ከጌጅ መስክ ነው። ዘመዳሞች ግን ናቸው፤ ሁለቱም የሚወለዱት ማየት በማንችለው አቅጣጫ ነው። በዚህ እይታ ሂግስ ከውጭ የመጣ እንግዳ መሆኑ ቀርቶ ከብርሃን ጋር የአንድ ቤት ልጅ ይሆናል። ከማንተን ሞዴሎች አንዱ ደካማው ኃይልና ኤሌክትሮማግኔት የሚቀላቀሉበትን ማዕዘን 30 ዲግሪ አድርጎ አወጣ። በቤተ ሙከራ የሚለካው ወደ 29 ነው። ሞዴሉ ሙሉ አልነበረም፤ ያ ቅርበት ግን ሰው እንቅልፍ የሚያሳጣ ነው።

የቀረውን ቁልፍ ያመጣው ጃፓናዊው ዩታካ ሆሶታኒ ነው፤ በ1983። መነሻው ያኪር አሃሮኖቭና ዴቪድ ቦም በ1959 የጠቆሙት እንግዳ ነገር ነበር። ኤሌክትሮን ማግኔት በሌለበት መንገድ ብቻ ቢሄድም፣ መንገዱ የታጠረ ማግኔትን ከዞረ ሞገዱ ይለወጣል። (ይህን የሂታቺው አኪራ ቶኖሙራ በ1986 ጥርጣሬ በማያስቀር ሙከራ አረጋገጠው።) ሆሶታኒ ድብቁ አውታር ክብ ከሆነ ያው ነገር በእርሱም ዙሪያ እንደሚሆን አየ። በየነጥቡ ኃይሉ ዜሮ ይሁን፤ ክቡን ዞሮ ሲመለስ የሚጠራቀመው ለውጥ ግን በመስፈሪያ ምርጫ አይሰረዝም። ያን ለውጥ የሚወስነውም የፊዚክስ ሊቅ ብዕር አይደለም፤ በክቡ ላይ የሚነሡና የሚጠፉ ቅንጣቶች የኳንተም እንቅስቃሴ ራሱ ነው። መጠኑ ከዜሮ ሲርቅ በኃይሎቹ መካከል ያለው ሲሜትሪ (ተመጣጣኝነት) ይሰበራል፤ ተሸካሚዎቹ መጠነ ቁስ ያገኛሉ። በእጅ የተጨመረ ነገር የለም።

በዚያን ጊዜ ብዙ ሰው አልሰማውም። ኤድዋርድ ዊተን በ1981 የታወቁትን ኃይሎች በሙሉ ከንጹሕ ጂኦሜትሪ ለማውጣት ቢያንስ 11 አውታሮች እንደሚያስፈልጉ አሳይቶ ነበር፤ በ1984 ደግሞ ቅንጣቶችን እንደ ጥቃቅን ክር የሚያይ የስትሪንግ ቲዎሪ ማዕበል ተነሥቶ ሁሉን ይዞ ወደ አሥር አውታሮች ሄደ። የሆሶታኒ ሐሳብ በዚያም ቲዎሪ ውስጥ አገልግሏል፤ ሂግስን ለማስረዳት ግን ተራውን ጠበቀ።

ተራው በ1998 መጣ፤ ሌላ ችግር ስለ ገፋው። የሂግስ መጠነ ቁስ በሒሳብ አይረጋም። የኳንተም እርማቶች ወደ ላይ ይጎትቱታል፤ የሚያቆማቸው ከሌለ እጅግ ከባድ ያደርጉታል። ብርሃን ግን እንዲህ ያለ ችግር የለባትም፤ የመስፈሪያው ሕግ ይጠብቃታል። ሂሳኪ ሃታናካ፣ ታኬኦ ኢናሚና ቾንግ ሳ ሊም ሂግስ የጌጅ መስክ ቁራጭ ከሆነ ያው ጥበቃ እንደሚደርሰው አሰሉ፤ እርማቱ በክቡ ስፋት ልክ ተወስኖ ይቀራል። በዚያው ዓመት ኒማ አርካኒ ሐመድ፣ ሳቫስ ዲሞፑሎስና ጊያ ዲቫሊ ድብቁ አውታር እስከ ሚሊሜትር ሊሰፋ ይችላል ብለው ፊዚክስን አስደነገጡ። ሲያትል የሚገኘው የዋሽንግተን ዩኒቨርሲቲ ቡድን በቀጭን ሽቦ የተንጠለጠለ ሚዛን ሠርቶ የኒውተንን የስበት ሕግ በዚያ ርቀት መፈተሽ ጀመረ። በ2001 እስከ ሩብ ሚሊሜትር ግድም፣ በ2020 እስከ 52 ማይክሮሜትር ድረስ ሕጉ ንቅንቅ አላለም።

ክቡን ማጠፍም አስፈለገ። ደካማው ኃይል በደብልዩ በኩል የሚነካው ወደ ግራ የሚሽከረከሩ ቅንጣቶችን ብቻ ሲሆን፣ በተራ ክብ ላይ ግን ግራና ቀኝ እኩል ይወጣሉ። ስለዚህ ክቡ እንደ ነጠላ መሐል ለመሐል ታጥፎ ሁለት ጫፍ ያለው አጭር መንገድ ተደረገ፤ ግራው አለፈ፣ ቀኙ ታገደ። ከዚህ ሌላ ጸጋ ተገኘ። ቅንጣቶች በዚህ አጭር መንገድ ላይ በየቦታው ሊሰፍሩ ይችላሉ። ሂግስ አንዱ ጫፍ ላይ እንዳለ ምድጃ ነው እንበል። አጠገቡ የተቀመጠ ይሞቀዋል፤ በር ላይ የተቀመጠ ጥቂት ሙቀት ብቻ ይደርሰዋል። ቶፕ ኳርክ ከምድጃው ዳር፣ ኤሌክትሮን ከበሩ። በአቀማመጥ ያለው ትንሽ ልዩነት በመጠነ ቁስ የመቶ ሺዎች እጥፍ ልዩነት ይሆናል። ከ2000 ጀምሮ የተጻፉት እንደዚህ ያሉ ሞዴሎች ለኤሌክትሮን ቀላልነት ከተሰጡት ማብራሪያዎች ሁሉ ደስ የሚሉት ናቸው፤ ቢያንስ የዚህ ጽሑፍ አቅራቢ ሌላ እንደዚህ ያለ አላገኘም።

በጁላይ 4 ቀን 2012 የሰርን አዳራሽ ሞልቶ ተሰልፈው ያደሩ ወጣቶች መሬት ላይ ተቀምጠዋል። ዙሪያው 27 ኪሎ ሜትር በሆነው ፕሮቶን የሚያጋጭ ማሽን የሚሠሩት ሁለት ቡድኖች፣ በፋቢዮላ ጃኖቲና በጆ ኢንካንዴላ በኩል፣ ከፕሮቶን ወደ 133 ጊዜ የሚከብድ አዲስ ቅንጣት ማግኘታቸውን አሳወቁ። ሰማንያ ሦስት ዓመት የሞላው ሂግስ መነጽሩን አውልቆ እንባውን ሲጠርግ ታየ። አንግለርም እዚያው ነበር። ብራውት ግን በ2011 ዐርፎ ነበር፤ በ2013 ኖቤል ሽልማቱ ለሁለቱ ብቻ ሄደ።

ቅንጣቱ ተገኘ፤ ከየት እንደ መጣ ግን አልተናገረም። ድብቅ አውታር ካለ ደብልዩና ዚ በዚያ መንገድ የሚሮጡ ከባድ ወንድሞች ሊኖሯቸው ይገባል፤ ክላይን በ1926 እንዳሳየው፣ ድብቅ ሩጫ ለእኛ መጠነ ቁስ ነውና። ማሽኑ እስከ ዛሬ ከፕሮቶን ብዙ ሺህ ጊዜ የሚከብዱትን እየፈለገ አንድም አላገኘም። ይህ ሐሳቡን አልገደለውም፤ ክቡ ከዚያ የጠበበ መሆን አለበት አሰኘ እንጂ። ሆሶታኒ በኦሳካ ዩኒቨርሲቲ ሆኖ ከባልደረቦቹ ጋር በ2017 ያሳተመው ስሌት ወንድሞቹን ከፕሮቶን ሰባት ሺህ ጊዜ ከሚከብዱት በላይ ያስቀምጣቸዋል። በቀጥታ ለመፍጠር ከባድ ናቸው። ጥላቸው ግን ቀደም ብሎ ሊታይ ይችላል፤ ኤሌክትሮንና ፖዚትሮን (ፀረ ኤሌክትሮን) ሲጋጩ፣ ግራ የሚሽከረከሩትና ቀኝ የሚሽከረከሩት ኤሌክትሮኖች በሚሰጡት ውጤት መካከል ልዩነት ሆኖ።

ያን የሚለካ 20 ኪሎ ሜትር የሚረዝም ቀጥ ያለ ማሽን በሰሜን ጃፓን፣ በኪታካሚ ተራሮች ሥር እንዲሠራ የጃፓን ሳይንቲስቶች በ2013 ቦታውን መርጠዋል።  ቁፋሮው አልተጀመረም።